ዜማ፦ ቻርሊ ቻፕሊን። ቅንብር፦ ማን ነበር?

«ጆከር» የተባለው ፊልም የመጀመሪያ ማስታወቂያ በ2019 ሲለቀቅ ስልካችን ላይ ደጋግመን ያየነው ብዙ ነን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዋኪን ፊኒክስ ከሲቶ፣ ፊቱን ተቀባብቶ፣ የሆነ ነገር ሊፈነዳ እንደሆነ እያወቅን እናየዋለን። ከጀርባ የሚሰማው ሙዚቃ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ሻካራ ድምፅ ያለው አንድ አዛውንት፣ ለልጅ ልጁ የሚዘፍን ይመስል፣ ቀስ ብሎ ስለ ፈገግታ ያንጎራጉራል። ማስታወቂያውን የሚያስጨንቅ ያደረገውም ይኸው ጣፋጭ ዘፈን ነው።

ድምፁ የአሜሪካዊው ኮሜዲያን የጂሚ ዱራንቴ ነው። ዘፈኑ «ስማይል» ይባላል። ዜማው ግን ከዱራንቴም ከግጥሙም ይቀድማል። መጀመሪያ የተሰማው በ1936፣ ቻርሊ ቻፕሊን በሠራው «ሞደርን ታይምስ» ፊልም ውስጥ ነው። ያኔ ግጥም አልነበረውም፤ «ስማይል» የሚለው ስምም ገና አልወጣለትም። ዜማውን ያመጣው ሰው ደግሞ ኖታ መጻፍ አይችልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ከ1927 ወዲህ ገበያውን ሲቆጣጠር ቻፕሊን አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ያ ባርኔጣውን ደፍቶ ከዘራውን የሚያሽከረክረው ሰውዬ አፉን ከፍቶ እንግሊዝኛ ካወራ ያበቃለታል ብሎ ያምናል። ስለዚህ በ1936ም ንግግር የሌለው ሊባል የሚችል ፊልም ይዞ መጣ። ሙዚቃው ግን ከፊልሙ ጋር ተቀርጾ እንዲሄድ ፈለገ። ተዋንያኑ ስለማያወሩ ፍቅሩንም፣ ረሃቡንም፣ ከፖሊስ ሩጫውንም የሚናገረው ሙዚቃው ነው። ይህን ያህል ከባድ ሥራ ደግሞ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ።

ችግሩ ሙዚቃን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ መሆኑ ነው። ግራኝ ስለሆነ ክሮቹን አገላብጦ ቫዮሊን ይጫወታል፣ ቼሎም ይሞካክራል፣ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያመላልሳል። ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚሆን ወረቀት ግን ከእሱ አይወጣም። ስለዚህ ሰው ተቀጠረለት፦ ዴቪድ ራክሲን። ዕድሜው 23።

ራክሲን በኋላ እንደተናገረው ሥራው እንዲህ ነበር የሚሄደው። ቻፕሊን ጠዋት አንድ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ሙሉ ሐረግ ነው፣ አንዳንዴ ከጥቂት ኖታ አያልፍም። ያንጎራጉረዋል፣ ያፏጨዋል፣ ወይ ፒያኖው ላይ ይፈልገዋል። ራክሲን ይጽፋል። ከዚያ ሁለቱ የፊልሙን ቁራጭ ደጋግመው እያዩ ዜማው የት ይግባ፣ የት ይርዘም፣ የት ይታጠፍ እያሉ ይጨቃጨቃሉ።

መጨቃጨቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ራክሲን ዝም የሚል ልጅ አልነበረም፤ ያልጣመውን ነገር አልጣመኝም ይላል። ቻፕሊን ደግሞ የስቱዲዮው ባለቤት፣ ዳይሬክተሩም፣ ዋና ተዋናዩም ራሱ ነው። በገዛ ቤቱ «ይሄ አይሆንም» መባል ያልለመደ ሰው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጁን አባረረው። የሙዚቃው መሪ አልፍሬድ ኒውማን ግን ራክሲን የጻፋቸውን ረቂቆች ሲያይ እንዲህ ያለ ሰው አይባረርም አለ። ራክሲን ተጠራ። የተመለሰውም ሐሳቡን ሳይፈራ እንዲናገር ተስማምተው ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት አብረው ሠሩ። (ኒውማን ራሱ ቆይቶ ከቻፕሊን ጋር ተጣልቶ ሥራውን ጥሎ ወጥቷል። ቻፕሊን ለሰው የሚመች አለቃ አልነበረም ማለት ነው።)

ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ የወጣው የፍቅር ዜማ በጣም ቀላል ነው። እስቲ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉና አንዴ ስሙት። አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከሥሩ ጥቂት አጫጭር ድምፆች፣ ከዚያ ያው ቅርፅ ትንሽ ተለውጦ ይደገማል። ለብቻው የቆመ አዝማች የለውም። ሁለተኛ ስትሰሙት ልታንጎራጉሩት ትችላላችሁ።

ቀላል ሲባል ግን ባዶ ማለት አይደለም። ለአቀናባሪ እንዲህ ዓይነት ዜማ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ነው። ረጅሙ ድምፅ ሲያዝ ከሥሩ ብዙ ነገር መሥራት ይቻላል። ኮርዱን ብትቀይሩት ያው ድምፅ፣ አንድም ሳይነቃነቅ፣ ከደስታ ወደ ሐዘን ይዞራል። በክፍተቱ ቼሎ ቢገባ መልስ የሚሰጥ ሰው ይመስላል። ይሄ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪው አንድ ስንኝ ብሎ ሲያርፍ መሲንቆው የሚናገረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ትዝታንም አስቡት። መነሻው የታወቀ ነው፣ መንገዱ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፃዊ ግን የራሱን ትዝታ ይዞ ይወጣል። ዜማው በጌጥ የታጨቀ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሰው የሚያስገባው ነገር አይኖርም ነበር።

በነገራችን ላይ «አቀናባሪ ምን ይሠራል?» ለሚለው አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ዜማ ደራሲው የሚያንጎራጉሩትን ይሰጣችኋል። አቀናባሪው ፍጥነቱን፣ ኮርዱን፣ ቤዙን፣ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚገባና መቼ ዝም እንደሚል ይወስናል። ብዙ ጊዜ ዘፈኑ ሲጀምር፣ ድምፃዊው ገና አፉን ሳይከፍት «ኦ! ይሄ እኮ እከሌ ነው» የምትሉበት መግቢያም የእሱ ነው።

ወደ ቻፕሊን ዜማ እንመለስ። ፊልሙ ከወጣ 18 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ጆን ተርነርና ጄፍሪ ፓርሰንስ ግጥም ጻፉለት፤ ስሙም «ስማይል» ሆነ። ሐሳቡ የመጣው ከፊልሙ ከራሱ ነው። መጨረሻው ላይ ሥራም ቤትም የሌላቸው ሁለቱ ገጸ ባሕርያት መንገድ ዳር ተቀምጠው ልጅቷ ታለቅሳለች። ቻፕሊን ያበረታታታል፣ ፈገግ በይ ብሎ በምልክት ያሳያታል፣ ተነስተው በረጅሙ መንገድ ይሄዳሉ። በዚያው ዓመት ናት ኪንግ ኮል ዘፈነው። ኦርኬስትራውን ያቀናበረው ኔልሰን ሪድል ነው። ሪድል ብዙ አልጨመረም፤ ስትሪንጎቹን ለስላሳ ምንጣፍ አድርጎ አነጠፈና ድምፁን ከላይ ብቻውን ተወው። ዜማው የፊልም ማጀቢያ መሆኑ ቀርቶ ማታ በሬዲዮ የሚሰማ ማጽናኛ ሆነ።

ማይክል ጃክሰን ይህንን ዘፈን በጣም ይወደው ነበር። በ1995 «ሂስቶሪ» የተባለውን አልበሙን የዘጋው በእሱ ነው። በ2009 ሲሞት፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በሎስ አንጀለሱ የስንብት ሥነ ሥርዓት ወንድሙ ጀርሜይን ቆሞ ዘፈነው። ያን ቀን «ስማይል» የለቅሶ ዘፈን ነበር። በ2020 ዓለም በኮሮና ቤቷ ተዘግታ ሳለ ሌዲ ጋጋ ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ተጫወተችው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «እንበርታ» ይል ነበር። በ«ጆከር» ማስታወቂያ ግን ማስፈራሪያ ሆኗል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የ«ጆከር» ሰዎች ያደረጉት ነገር ብልህ ነው። ዘፈኑን ጨለማ አድርገው እንደ አዲስ አላስቀናበሩትም። ዛሬ የፊልም ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው የሚቀናው ያ ነበር፦ የድሮ ዘፈን ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከባድ ከበሮ ጨምር። እነሱ የዱራንቴን ደግ ድምፅ እንዳለ ተዉትና ከማይሄድለት ምስል ጋር አጋጩት። ይባስ ብሎ ፊልሙ ውስጥ የጎተም ሀብታሞች ሱፍ ለብሰው፣ በትልቅ አዳራሽ ተቀምጠው «ሞደርን ታይምስ»ን እያዩ ይስቃሉ። ውጭ ሕዝቡ ተቆጥቶ አደባባይ ወጥቷል። በፋብሪካ ማሽን ስለተበላ ሠራተኛ የተሠራ ፊልም የባለጸጎች ማታ ማሳለፊያ ሲሆን! ዜማው ፊልሙ ውስጥ የገባው ዝም ብሎ አይደለም።

አንድ ዜማ እንደ ቅንብሩ ሌላ ሰው እንደሚሆን የሚያሳይ ከዚህም የጠነከረ ምሳሌ ከፈለጋችሁ «ጎድፋዘር» አለላችሁ። ያንን በሐዘን የከበደ የፍቅር ዜማ የማያውቅ የለም። ደራሲው ጣሊያናዊው ኒኖ ሮታ ግን ያንኑ ዜማ ቀደም ብሎ በ1958 «ፎርቱኔላ» በተባለ የጣሊያን ፊልም ተጠቅሞበት ነበር፤ እዚያ ግን ፈጠን ያለ፣ የሚያስቅ፣ ሰርከስ ሰርከስ የሚሸት ነገር ነው። ይህ ሲታወቅ ሮታ ለኦስካር የነበረው ዕጩነት ተሰረዘ። እንዲያውም የዚያ ዓመት የሙዚቃ ኦስካር ወደ ማን እንደሄደ ታውቃላችሁ? ወደ ቻርሊ ቻፕሊን! «ላይምላይት» የተባለው የ1952 ፊልሙ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለሕዝብ የታየው በ1972 ስለነበር መወዳደር ይችል ነበር። ሮታ ከሁለት ዓመት በኋላ በ«ጎድፋዘር» ሁለተኛ ክፍል ተሸለመ፤ ያችው ዜማ እዚያም አለች።

ያ የተባረረውና የተመለሰው ልጅስ? ራክሲን ሆሊውድ ቀረ። በ1944 «ሎራ» የተባለ ፊልም ሙዚቃ ተሰጠው። ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንገር የዱክ ኤሊንግተንን የታወቀ ዘፈን ማስገባት ፈልጎ ነበር። ራክሲን አይሆንም አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ሰው ሁሉ የራሱን ትዝታ ይዞበት ይመጣል፣ ፊልሙን ያደናቅፋል ብሎ ተከራከረ። አመሉ አልለቀቀውም ማለት ነው። እስከ ሰኞ የተሻለ አምጣ ተባለ። ቅዳሜም እሑድም ሞከረ፣ የሚረባ ነገር አልመጣም። ኪሱ ውስጥ ከሚስቱ የደረሰው ደብዳቤ ነበር። እሑድ ማታ ደብዳቤውን ፒያኖው ላይ አቁሞ እያየ መጫወት ጀመረ። ትታው እንደምትሄድ የሚነግረው ደብዳቤ መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው። ዜማውም መጣ።

«ሎራ» በፊልሙ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ የጠፋችው ሴት በሌለችበት ክፍል ሁሉ ዜማዋ አለ። ተመልካቹ ዜማውን ወደደውና በ1945 ጆኒ መርሰር ግጥም ጻፈለት። ከዚያ የጃዝ ሰዎች ተረከቡት። በ1950 ቻርሊ ፓርከር ከስትሪንግ ጋር ሲቀዳው በሳክስፎኑ ዙሪያውን እየዞረ ይጠመዝዘዋል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል። ዜማው ግን አይጠፋም። በ23 ዓመቱ የሌላ ሰው እንጉርጉሮ ሲጽፍ የነበረው ልጅ፣ በተራው ሌሎች የሚሠሩበትን ዜማ ሰጠ። ከቻፕሊን ጋር ካሳለፋቸው ወራት ምን ያህሉ እዚያ ውስጥ እንደገባ መለካት አይቻልም። እኔ ግን ብዙ ነው ባይ ነኝ።

አሁን «ስማይል»ን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና የደራሲዎቹን ስም እዩ። ቻፕሊን፣ ተርነር፣ ፓርሰንስ። ራክሲን የለም።

ይህን ሲሰሙ «ቻፕሊን የልጁን ሥራ ሰረቀ» ለማለት የሚቸኩሉ አሉ። ራክሲን ራሱ እንዲህ አላለም። ሐሳቡ ከቻፕሊን እንደሚመጣ፣ ሰውየው የሚፈልገውን በጆሮው አጥርቶ እንደሚያውቅ ተናግሯል፤ የራሱ ድርሻ ግን አጎንብሶ የተባለውን መጻፍ ብቻ እንዳልነበረም አልደበቀም። ሁለቱም እውነት ነው። ዜማው የቻፕሊን ነው፣ ዜማው በኦርኬስትራ ተጫውቶ የሰው ልብ የገባው ግን በሌሎች እጅ አልፎ ነው። ቻፕሊን ደግሞ የሰውን ስም መርሳት አይከብደውም ነበር። ከዚያ በፊት በ1931 «ሲቲ ላይትስ» በተባለው ፊልሙ የስፔናዊውን የሆሴ ፓዲያን ዜማ ስሙን ሳይጠቅስ ተጠቅሞ ፓዲያ ከሶ ረትቶታል።

እኛ ጋ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ካሴት የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ፣ ካላስታወሳችሁም ዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው ሥር እንደምታዩት፣ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። ብዙ አገር አድማጩ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ ግን ኤልያስ መልካን አንድ ሕዝብ የሚያውቀው መድረክ ላይ ሲዘፍን አይቶት ሳይሆን ከሌሎች ድምፅ ጀርባ ሰምቶት ነው። ሕጉም ቢሆን ይህንን ያውቃል፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር) ቅንብርን ከሌላ ሥራ የተገኘ ሥራ አድርጎ የራሱን ጥበቃ ይሰጠዋል። የመነሻው ዜማ ባለቤት መብት ሳይነካ፣ ማለትም ለማቀናበር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የተቀናበረው ደግሞ የአቀናባሪው ነው።

በወረቀት እንዲህ ነው። በተግባር ግን ላፕቶፑ ላይ ሌሊቱን ቢት ሲሠራ የሚያድረው ልጅ አንዴ ተከፍሎት ይሸኛል፤ ቪዲዮው ሚሊዮን ሲታይ ስሙ ከሥር ባለች መስመር ላይ፣ እሱም «ተጨማሪ» የሚለውን ለሚጫን ሰው ብቻ ይታያል። ዘፈኑ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ሲዞር ያቺም መስመር የለችም።

ቲክቶክ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ቅንብሩ ነው። ዜማውን አፉ ላይ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ነው፤ ድምፁን ራሱን ቆርጦ የሚወስድ ግን መሣሪያውንም፣ ምቱንም፣ መግቢያውንም ይወስዳል። የሙላቱ አስታጥቄን ነገር እዩ። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ላይ ከአሠርት ዓመታት በፊት የተቀዱ የሙላቱን ሥራዎች ሲጠቀም፣ ኢትዮ ጃዝን ሰምቶ የማያውቅ ተመልካች «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌ «የግሌ ትዝታ»ን ሳምፕል አድርገው «አዝ ዊ ኢንተር» የሚለውን ዘፈን ሠሩ። እዚያ ዘፈን ላይ ጭንቅላታችንን የሚያወዛውዘው ዜማው ብቻ ሳይሆን ሙላቱ ያንን ሁሉ መሣሪያ ያስቀመጠበት አቀማመጥ ነው። ደግነቱ እዚህ ላይ ደራሲውም አቀናባሪውም አንድ ሰው ስለሆነ ስም አይጣላም።

ራክሲን ከመቶ በላይ ለሆኑ ፊልሞች ሙዚቃ ሠርቶ፣ ለወጣቶች አስተምሮ፣ በ2004 በ92 ዓመቱ አረፈ። «ሞደርን ታይምስ»ን ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያውን አትዝለሉት። ሙዚቃው የቻርልስ ቻፕሊን እንደሆነ ከሚናገረው ጽሑፍ ጋር ያቀናበሩት ሰዎች ስም አለ፤ ኤድዋርድ ፓወል እና ዴቪድ ራክሲን። በትንሽ ፊደል ነው፣ ቶሎም ያልፋል።